ሩቢ፦ ለጸሐፊው የታሰበች የኮምፒዩተር ቋንቋ

የኮምፒዩተር ቋንቋ የሚደርሱ ጠበብት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው የሚጨነቁት ለመኪናው ነው፤ ትእዛዙ ምን ያህል ይፈጥናል፣ ከማኅደረ ትውስታውስ ምን ያህሉን ይይዛል እያሉ ይመረምራሉ። ጃፓናዊው ዩኪሂሮ ማትሱሞቶ ግን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በ1995 ለሕዝብ ያወጣትን ሩቢን ሲደርስ፣ ሐሳቡን የጣለው ትእዛዙን በሚጽፈው ሰው ላይ ነበር፤ ድካሙን መኪናው ይሸከም፣ ጸሐፊው ግን በሥራው ሐሤት ያድርግ ባይ ነውና።

ሩቢ ስክሪፕት ከሚባሉት ቋንቋዎች ወገን ስለ ሆነች፣ የተጻፈው ሁሉ አስቀድሞ ለብቻው ወደ መኪና ቋንቋ ተገልብጦ መቀመጥ ሳያሻው፣ አስተርጓሚው ፕሮግራም ተቀብሎ ወዲያው ይፈጽመዋል። የጽሕፈቱን ቅልጥፍና ከፐርል፣ የኦብጀክትን ሥርዓት ከስሞልቶክ ወስዳለች።

ኦብጀክት ማለት መረጃውና በመረጃው የሚሠራው ግብር በአንድ አካል የተዋሐዱበት ነገር ነው፤ ባሕርዩንም የሚወስንለት ክላሱ ነው። በጃቫ ተራው ቁጥር ከዚህ ሥርዓት ውጭ ሲቀር፣ በሩቢ ግን 5 ቁጥር ራሱ ኦብጀክት ስለ ሆነ፣ «ታይምስ» የሚል መልእክት ቢላክለት የተሰጠውን ሥራ 5 ጊዜ ይደጋግማል፤ 5 ሲደመር 3 ስንልም ለ5 የመደመርን መልእክት መላካችን ነው። አልቦነትን የምታመለክተው ኒል እንኳ ኦብጀክት ናትና፣ «ምንም ነሽን?» ተብላ ብትጠየቅ «እውነት» ብላ ትመልሳለች፤ ይህ ለፈላስፋ ሳይሆን ለፕሮግራመር የተጻፈ መሆኑ ይደንቃል።

ዳሩ ግን ሩቢ ለጸሐፊው የሰጠችው ነጻነት ወሰን ማጣቱ አይካድም። ክላሶቹ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆኑ ማንም ለቁጥር አዲስ ግብር ሊጨምርለት፣ ከፈለገም የመደመርን ሥርዓት ሊለውጠው ይችላል። ዴንማርካዊው ዳቪድ ሃይንማየር ሃንሰን በ2004 ያወጣው፣ በሩቢ የተጻፈው የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ሬይልስ በዚህ በር ገብቶ፣ ቁጥር ስለ ቀንና ስለ ሰዓት እንዲናገር አድርጓል፤ መልካም አደረገ እላለሁ። ነገር ግን አንዱ በስንፍና የለወጠው ግብር በፕሮግራሙ ሁሉ ስለሚሠራ፣ ስሕተቱ ከምን እንደ መጣ ፈልጎ ማግኘት ታላቅ ጭንቅ ነው። በ2013 የወጣችው ሩቢ 2.0፣ ሪፋይንመንት የሚባለውን ሥርዓት ያመጣችው ስለዚህ ነው፤ በእርሱ የተደረገ ለውጥ፣ እጠቀምበታለሁ ብሎ በግልጥ ካስታወቀው ፋይል ወይም ክፍል አልፎ አይሠራም።