የርዳታ ሥራ መልካምነቱ በምን ይመዘናል?

የድልድይ ሥራ መልካም መኾኑ የሚታወቀው ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ፣ ጭነትም ሲያልፍበት ነው። የእህል ነጋዴም በሚዛን ቢያጓድል ገዢው ተሟግቶ ያስመልሳል። ነገር ግን ተረጂው የደረሰበትን አስረድቶ ለመናገር የሚቸገር ሰው ሲኾን፣ ወይም ቢናገርም የሚያደምጠው ሲያጣ፣ የርዳታውን ሥራ መመዘን እጅግ አስቸጋሪ ይኾናል። ከልደታቸው ወይም ከልጅነታቸው ዠምሮ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች የሚረዱ ቤቶችና ማኅበሮች ኹሉ ያሉት በዚህ ችግር ውስጥ ነው። ረጂው ራሱ ምስክር፣ ራሱም ዳኛ ኾኖ የኖረ እንደ ኾነ የሚደርሰው ጕዳት ምን ያህል እንደ ኾነ የአሜሪካ ታሪክ በግልጥ ያስረዳል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በኒው ዮርክ በስታተን አይላንድ ደሴት ላይ ዊሎብሩክ የሚባል የመንግሥት ማሳደሪያ ነበረ። የተሠራው ለ4,000 ሰዎች ኾኖ ሳለ፣ በ1965 ከ6,000 የሚበልጡ ሰዎች ተጨናንቀው ይኖሩበት ነበር። በዚያው ዓመት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበሩት ሚስተር ሮበርት ኬኔዲ ቤቱን ጐብኝተው ያዩትን ክፉ ነገር ለሕዝብ ገለጡ፤ ነገሩ ግን ለጊዜው ተወርቶ ዝም ተባለ። በ1972 በጃንዩወሪ ወር ከዚያ ቤት ሥራ የተሰናበቱት ዶክተር ማይክል ዊልኪንስ የአንዱን ሕንፃ ቁልፍ ገና አልመለሱም ነበርና፣ ጋዜጠኛውን ጄራልዶ ሪቬራን ከነፎቶግራፍ አንሺዎቹ ይዘው ድንገት ገቡ። ራቁታቸውን በወለል ላይ የተቀመጡ ልጆች፣ የሚያጫውታቸውና የሚያጥባቸው ያጡ፣ በቴሌቪዥን ለአገሩ ኹሉ ታዩ።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ዊሎብሩክ ባለቤት የሌለው ቤት አለመኾኑ ነው። እንደ ማናቸውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹም፣ በጀትና መዝገብ ነበረው። መዝገቡ ያልተናገረውን ቁልፉ ተናገረ።

ወላጆች በዚያው በ1972 የኒው ዮርክን ግዛት ከሰሱ፤ በ1975 ግዛቱ ቤቱን ለማሻሻልና ሰዎቹን በየመንደሩ ወዳሉ ትንንሽ መኖሪያዎች ለማዛወር ተስማምቶ ፍርዱ ጸደቀ። ቃሉ መፈጸሙን እየተከታተለ ለዳኛው የሚያስታውቅ ጉባኤም ተቋቋመ። ጉባኤው ግን ገንዘቡን የሚያገኘው ከራሱ ከተከሳሹ ከግዛቱ ግምጃ ቤት ነበር፤ በ1980 የግዛቱ ምክር ቤት ገንዘቡን ከለከለው። ቤቱ ፈጽሞ የተዘጋው በ1987 ነው። ተመርማሪው የመርማሪውን ደመወዝ የሚቈርጥ ሲኾን ምርመራው የቱን ያህል ዕድሜ እንደሚኖረው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። የአካል ጕዳተኞችን መብት የሚመለከተው የዓለም መንግሥታት ስምምነትም በ16ኛው አንቀጽ እንዲህ ያሉት አገልግሎቶች በነጻ ባለሥልጣኖች እንዲመረመሩ ያዛል፤ ኢትዮጵያም በ2010 ይህንኑ ስምምነት አጽድቃለች።

የመዠመሪያው ዐይነት መመዘኛ ቈጠራ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ መንግሥት ከ1971 ዠምሮ ለነዚህ ማሳደሪያዎች ወጪ በሜዲኬይድ በኩል ድርሻውን ሲከፍል፣ የመኝታውን ቤት ስፋት፣ የሠራተኛውን ብዛት፣ የእያንዳንዱን ሰው የእንክብካቤ ጽሑፍ እየተመለከተ ነበር። ይህ የሚናቅ አይደለም። አልጋ ለሌለው ሰው አልጋ መቍጠር ደግ ሥራ ነው። ኾኖም ሰው በንጹሕ ክፍል ተኝቶ፣ በደንብ በልቶ፣ መዝገቡም ተሟልቶለት፣ ዓመቱን ኹሉ ከደጅ ሳይወጣና ወዳጅ ሳያፈራ ሊኖር ይችላል። ቈጠራው ይህን አያይም።

ኹለተኛው ሐሳብ የመጣው ከሰሜን አውሮፓ ነው። ዴንማርክ በ1959 ባወጣችው ሕግ፣ ስዊድናዊው ቤንግት ኒርዬም በ1969 በጻፉት ጽሑፍ፣ እነዚህ ሰዎች እንደ ማንኛውም ያገር ሰው በጊዜው ተነሥተው፣ በማዕድ ቀርበው፣ ከቤታቸው ወደ ሥራ ወይም ወደ ትምህርት ወጥተው፣ በዓሉን በበዓልነቱ አክብረው እንዲኖሩ ይገባል የሚለው ትምህርት ተገለጠ። በጀርመን አገር ተወልደው በአሜሪካ የሠሩት ዶክተር ቮልፍ ቮልፈንስበርገር ይህን ትምህርት ወደ መመዘኛ ለወጡት፤ በ1983 የወጣው መመዘኛቸው 42 ነጥቦች አሉት። መርማሪው ቤቱ የቆመበትን ሰፈር፣ የተሰጠውን ስም፣ የሰዎቹን ልብስ፣ ከማን ጋራ እንደሚውሉ ይመለከታል። ዐርባ ዓመት የኾነውን ሰው በሕፃን መጫወቻ የሚያውል ቤት፣ ወለሉ ቢያበራም፣ ነጥብ ያጣል።

ሦስተኛው፣ ሰውየው ራሱ ምን ለውጥ አገኘ? ብሎ መጠየቅ ነው። በፔንሲልቬኒያ ግዛት በ1908 የተከፈተው ፔንኸርስት የተባለው ማሳደሪያ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነዋሪዎቹን ወደ መንደር መኖሪያዎች ሲያዛውር፣ በ1978 በዚያ የነበሩትን 1,154 ሰዎች ተመራማሪዎች በየዓመቱ ተከታተሏቸው። በ1985 በወጣው የምርመራ ቃል፣ ወደ መንደር የወጡት ሰዎች ራሳቸውን በመርዳት ረገድ በማሳደሪያው ከቀሩት ይልቅ ተሻሻሉ፤ ዝውውሩን አስቀድመው የተቃወሙት ቤተ ዘመዶችም አብዛኞቹ ካዩ በኋላ ሐሳባቸውን ለወጡ። ወጪውም አነሰ። ስለ ወጪው ግን ደስታ ሊቸኵል አይገባም፤ ካነሰበት ዋና ምክንያት አንዱ የመንደሩ መኖሪያ ሠራተኞች ደመወዝ ከመንግሥቱ ቤት ሠራተኞች ደመወዝ ያነሰ መኾኑ ነበርና።

ከኹሉ የከበደው ግን ሰውየውን ራሱን መጠየቅ ኾኖ ተገኘ። በ1981 ካሮል ሲጌልማንና ባልደረቦቻቸው አንድን ነገር በኹለት ተቃራኒ ቃል እየለወጡ ጠየቁ፤ ከተጠየቁትም ብዙዎቹ ለኹለቱም «አዎን» አሉ። ዕድሜውን ኹሉ ለሞግዚትና ለሹም እሺ ማለትን የተማረ ሰው ለእንግዳ ጠያቂም እሺ ቢል አያስደንቅም። ስለዚህ «አዎን ወይስ አይደለም» ከማለት ይልቅ «ይህን ወይስ ያን» ብሎ ማስመረጥ፣ ሥዕልም ማሳየት ይሻላል ተባለ። በ1996 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ቻርልስ አንታኪና ማርክ ራፕሊ የጠያቂዎችን ንግግር ቃል በቃል መርምረው፣ ጥፋቱ የተጠያቂው ብቻ አለመኾኑን አሳዩ። ጠያቂው መልሱ ያልጣመው እንደ ኾነ ጥያቄውን እየለዋወጠ፣ ወደ ወደደው መልስ ይመራው ነበር። እንግዲህ በወረቀት ላይ «በኑሮው ደስተኛ ነው» ተብሎ የተጻፈው ቃል የማን ቃል ነው?

በዚህ ምክንያት ዛሬ የጥራትና የአመራር ምክር ቤት የሚባለው የአሜሪካ ማኅበር በ1993 ቤቱን ከመመዘን ወደ ሰውየው ዞረ። አኹን የሚሠራበት መመዘኛ 21 ነገሮችን ይመለከታል፤ ከነዚህም ሰውየው ከማን ጋራ እንደሚኖር መምረጡ፣ ወዳጆች ማፍራቱ፣ መከበሩ፣ መብቱን መሥራቱ ይገኙበታል። መርማሪው በእርጋታ ከሰውየው ጋራ ይነጋገራል፤ ከዚያ በኋላ በቅርብ የሚያውቀውን ሰው ጠይቆ፣ ነገሩ መገኘቱንና ለዚያም ርዳታ መደረጉን ለየብቻ ይወስናል። ለዚህ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜም ገንዘብ ነውና ብዙ ሹሞች አይወዱትም። ሌላም እንቅፋት አለ፤ ከክፉ ቤት በቀር ያላየ ሰው በክፉው ቤት ደስ ብሎኛል ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ቃሉ ብቻውን ሳይኾን የመረጠው ነገር፣ ከመረጠም ከምን መካከል እንደ መረጠ መታየት አለበት።

ግዛቶቹም በ1997 ብሔራዊ ዋና መለኪያዎች የተባለውን የጋራ መጠይቅ ዠመሩ፤ ዛሬ አብዛኞቹ ይሠሩበታል። መጠይቁ ኹለት ክፍል አለው። ሰውየው ስንት ጊዜ ከቤት እንደሚወጣ፣ የዕለት ውሎውን ማን እንደሚወስን የሚጠይቀውን ክፍል ዘመድ ወይም ረዳት በምትኩ ሊመልስ ይችላል። የሚኖርበትን ቤት ይወደው እንደ ኾነ፣ ብቸኝነት ይሰማው እንደ ኾነ፣ ይፈራ እንደ ኾነ የሚጠይቀውን ክፍል ግን ከሰውየው በቀር ማንም አይመልስለትም፤ ጠያቂውም ርዳታውን የሚሰጠው ሰው ሊኾን አይፈቀድለትም። ሰውየው መናገር ካልቻለ ወይም ካልወደደ፣ ያ ክፍል ባዶውን ይቀራል።