አስቀድሞ የተከፈለበት ጀብዱ

በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ አስጻፊ የሚባለው ደንበኛ ከጥንት የታወቀ ነው። ዳዊት ወይም ገድል የፈለገ ሰው የብራናውንና የቁም ጸሐፊውን ወጪ ይችላል፤ ስሙም በጸሎቱ መካከል ይገባለታል። ጸሐፊው ገዢ ይመጣል በሚል ተስፋ ገንዘብ አያስርም።

ይኸው አሠራር እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ለሌላ ሸቀጥ ውሏል። የቀድሞው የመጽሔት አዘጋጅ ቮልፍጋንግ ባውር፣ ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው፣ የተረት ጀግና ሆነው፣ ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱትን ጀብዱ ከመጻፉ በፊት ከደጋፊዎች ገንዘብ ሰበሰበ። የተፈለገው ሲሞላ ሥራው ተጀመረ፤ ከፋዮቹም በሐሳብ ተሳተፉ። ድርጅቱ ዛሬ ኮቦልድ ፕሬስ ይባላል።

ለእንዲህ ያለው ጀብዱ ጥሬ ዕቃ በደቡብ ጎንደር ሞልቷል። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው ጉና አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት አሠርተው ወደ መቅደላ ያስጎተቱት የሴባስቶፖል መድፍ ታሪክም አለ።

ችግሩ ገንዘቡ ላይ ነው። ኪክስታርተር የኢትዮጵያን ፕሮጀክት አቅራቢዎች አያስተናግድም። እ.ኤ.አ. በ2021 የተጀመረው ቴሌብር ግን የአገር ውስጡን ክፍያ አቅልሏል። ለምሳሌ 200 ሰዎች 300 ብር ቢያዋጡ 60,000 ብር በእጅ ይገባል።

ሆኖም የወረቀት ዋጋ ቢንር ወይም ደራሲው ቢዘገይ ኪሳራው የከፋዩ ነው። ቁም ጸሐፊውን መንደሩ ያውቀዋል፤ የማይታወቀው ደራሲ ግን በትንሽ መጽሐፍ ጀምሮ፣ በተከፈለበት ቁጥር ልክ አሳትሞ፣ በቀጠሮው ቢያስረክብ ይበጀዋል። የዚህ ንግድ ዋና ካፒታል እምነት ነውና።