ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የማሞቂያ ሽቦ ጉድለትና ስለሚያመጣው ጉዳት

በየቤቱ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራን የሚጋግረው ከሸክላው ሥር ተጠምዝዞ በተዘረጋው ቀጭን ሽቦ አማካይነት መሆኑ የታወቀ ነው። ሽቦው ለኤሌክትሪኩ ኃይል በቀላሉ መንገድ ስለማይሰጥ ይግላል፤ ግለቱም ወደ ሸክላው ይተላለፋል። ሽቦው በአንድ ወገን የሳሳ ወይም ጥምዞቹ እርስ በርሳቸው የተነካኩ እንደ ሆነ፣ ምጣዱ እዚህ ያሳርራል፣ እዚያ ሊጥ ያስቀራል፤ ውሎ ሲያድርም ሽቦው ይበጠሳል። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ በተለምዶም ቬፕ በሚባለው ዕቃ ውስጥ ያለው የማሞቂያ ሽቦ የዚሁ የምጣዱ ሽቦ ዘመድ ነው። ልዩነቱ መጠኑ ከጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ መሆኑ፣ ኃይሉን ከግድግዳ ሳይሆን ከሊቲየም ባትሪ መውሰዱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሰው አፍ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ የሚሠራ መሆኑ ነው።

ዕቃው ትንሽና ቀላል፣ ማሸጊያውም የሚያምር ስለ ሆነ፣ ወደ ዱባይና ወደ ጓንዡ ለንግድ የሚመላለስ ሰው ዓይኑ ሳያርፍበት አይቀርም። ሻጩም ስለ ጣዕሙና ስለ ቀለሙ ብዙ ይናገራል እንጂ ስለ ሽቦው የሚያነሣው ነገር የለም። የዕቃው ደኅንነት ግን በብዙ በኩል የሚወሰነው በዚህ ሳይነሣ በቀረው ክፍል ነው።

ዛሬ የሚታወቀውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የፈለሰፈው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ነው። በዓለም ገበያ ላይ ከሚገኘው ውስጥ እጅግ የሚበዛው አሁን የሚሠራው በሼንዤን ከተማ ነው። አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ባትሪ አለው፤ ጥምዝ ሽቦ አለው፤ በሽቦው ውስጥ ወይም ዙሪያ የተጠቀጠቀ ጥጥ አለው፤ ጥጡም ፈሳሽ ከያዘው ዕቃ ጋር ይገናኛል። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ከሚባሉ ነገሮች፣ ከማጣፈጫና አብዛኛውን ጊዜ ከኒኮቲን ይቀመማል። ሽቦው ሲግል ጥጡ የጠጣው ፈሳሽ ይተንና ሰውዬው ተኑን ወደ ሳንባው ይስባል። ለሽቦው የሚመረጠው ብረት፣ ክሮሚየምና አሉሚኒየም የተቀላቀሉበት ካንታል፣ ወይም ኒኬልና ክሮሚየም የተቀላቀሉበት ኒክሮም፣ አለዚያም የማይዝግ ብረት ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት ከድርቀት የሚመጣ ነው። ጀበና ውኃ እስካለበት ድረስ እሳት ላይ ቢቆይ አይጎዳም፤ ውኃው ሲያልቅ ግን ወዲያው ይሰነጠቃል። ሽቦውም እንዲሁ ነው። ፕሮፒሊን ግላይኮል በ188፣ ግሊሰሪን ደግሞ በ290 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚፈሉ፣ ጥጡ እርጥብ ሆኖ ሳለ የሽቦው ግለት ከዚህ እጅግ አይርቅም። ጥጡ በደንብ ያልተጠቀጠቀ ወይም ሽቦው በአንድ ቦታ ብቻ አብልጦ የሚግል ሲሆን ግን ያ ቦታ ይደርቃል፤ ጥጡ ያርራል፤ የቀረውም ፈሳሽ ተሰባብሮ ፎርማልዴሃይድና አክሮሊን የተባሉ መርዛም ነገሮችን ይሰጣል። ተጠቃሚው ጉሮሮውን ሲቧጥጠው ያውቀዋል፤ አልፎ አልፎ ግን የማጣፈጫው ብርታት ይህን ይሸፍነዋል።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ የከፋ ነው፤ ጥቂት ሒሳብም ይጠይቃል። አንድ የሊቲየም ባትሪ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይሰጣል። የሽቦው ተቃውሞ ግማሽ ኦም ቢሆን በሽቦው የሚያልፈው ኃይል 8.4 አምፔር ይሆናል፤ ይህን ለሥራው የሚስማማ ባትሪ ይችለዋል። ነገር ግን ጥምዞቹ ተነካክተው ወይም የሽቦው እግር ከመያዣው ግድግዳ ጋር ተገናኝቶ ተቃውሞው ወደ አንድ ዐሥረኛ ኦም ቢወርድ፣ ከዚያው ባትሪ የሚሳበው ወደ 42 አምፔር ይደርሳል። በዚህ ዕቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው 18650 የሚባለው ባትሪ ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው እንደ ዓይነቱ ከ10 እስከ 30 አምፔር ነው። ከዐቅሙ በላይ የተጠየቀ የሊቲየም ባትሪ እንደ ድሮው የባትሪ ድንጋይ ደክሞ ዝም አይልም፤ በውስጡ ይግላል፣ ግለቱ ሌላ ግለት ይወልዳል፣ ከዚያም በእሳት ይፈነዳል። በግማሽ ኦምና በአንድ ዐሥረኛ ኦም መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በዓይን የሚታይ አይደለም። ሁለቱን ሽቦዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ በመሣሪያ ያልለካ ሰው፣ ባለሱቅም ሆነ ገዥ፣ ሊለያቸው አይችልም።

ደኅና የሆነው ዓይነት ይህን የሚቆጣጠር፣ ሽቦው ሲነካካ ኃይሉን የሚያቋርጥ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል በውስጡ አለው። አንዳንዱ ግን ባትሪውን ከሽቦው ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ባዶ ቱቦ ብቻ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. በፍሎሪዳ፣ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ አንድ ሰው ሲጋራው ፈንድቶበት የሞተው እንዲህ ያለ መቆጣጠሪያ የሌለው ዓይነት ይዞ ሳለ ነበር።

የዩናይትድ ስቴትስ የእሳት አደጋ አስተዳደር በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2009 መጀመሪያ እስከ 2016 መጨረሻ በዚያ አገር በጋዜጣና በመሳሰለው የተነገሩ 195 የፍንዳታና የቃጠሎ አደጋዎችን ቆጥሯል። ከእነዚህ ውስጥ 61 የሚሆኑት ዕቃው በኪስ ሳለ፣ 60ው ሲጨስ፣ 48ቱ ደግሞ ባትሪው ሲሞላ የደረሱ ናቸው። 133 ሰዎች ቆስለዋል፤ የ38ቱም ቁስል ከባድ ነበር። ሪፖርቱ ጥፋቱን የጣለው በባትሪው ላይ ነው፤ ይህም ትክክል ነው። በኪስ ውስጥ ለደረሰው አደጋ ሁሉ ሽቦውን መክሰስ አይገባም፤ ትርፍ ባትሪን ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር መያዝ ብቻውን እሳት ያመጣልና። ሲጨስ ለሚደርሰው ግን ከባትሪው ኃይል የሚጠይቀው ሽቦው ስለ ሆነ ጉዳዩ አይመለከተውም ለማለት አይቻልም።

ሦስተኛው ጉዳት ድምፅ የለውም። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በባልቲሞር አካባቢ ከሚገኙ 56 የዘወትር ተጠቃሚዎች ዕቃ ላይ ናሙና ወስደው፣ ውጤቱን በ2018 አሳትመዋል። ፈሳሹ በጠርሙሱ ውስጥ ሳለ የያዘው ብረት ጥቂት ነበር፤ በሽቦው ላይ ካለፈ በኋላ ግን ኒኬል፣ ክሮሚየምና እርሳስ በብዛት ተገኙበት። በተኑ ውስጥ የተገኘው የእርሳስ መካከለኛ መጠን በጠርሙሱ ውስጥ ከነበረው ከ25 ጊዜ በላይ በለጠ። በ2025 ደግሞ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ቅርንጫፍ ሊቃውንት አንድ ጊዜ ተጨሶ የሚጣለውን ዓይነት ፈትተው መረመሩ። ኒኬሉ ከማሞቂያው ሽቦ፣ እርሳሱ ግን በአንዳንዱ ዕቃ ውስጥ እርሳስ ከተቀላቀለበት የነሐስ ክፍል እንደሚመጣ አሳዩ። ይህ ለነጋዴ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም አምራቹ በጥቂት ሳንቲም የሚረክስ ነሐስ ስለ መረጠ የሚመጣ እንጂ ከዕቃው ተፈጥሮ የማይቀር ጉዳት አይደለም። በ2019 በአሜሪካ የስድሳ ስምንት ሰዎችን ሕይወት ያጠፋው የሳንባ ሕመም ግን ከዚህ ጋር ሊደባለቅ አይገባውም፤ እርሱ በዋናው በፈሳሹ ውስጥ ከተጨመረ ቪታሚን ኢ አሲቴት ጋር የተያያዘ ነበር።

ምናልባት ሻጩ የምስክር ወረቀት ያሳይ ይሆናል። ዩኤል 8139 የሚባለው የአሜሪካና የካናዳ ደረጃ የባትሪውን፣ የመሙያውንና የማሞቂያውን የኤሌክትሪክ ደኅንነት ይመረምራል፤ ተኑ በሳንባ ላይ ስለሚያደርገው ነገር ግን አንዳች አይናገርም። የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶችም በ2019 የራሳቸውን ደረጃ አውጥተው ሽያጩን ስለ ፈቀዱ፣ ዕቃው በዱባይ ሱቆች በግልጽ ይታያል። ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዚያ መፈቀዱ በኢትዮጵያ አያስፈቅደውም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ወደ አገር ማስገባትንም፣ ማከፋፈልንም፣ መሸጥንም ከልክሏል። ክልከላው የመጣው ለሕዝብ ጤና ሲባል ነው። ለነጋዴው ግን ሌላ ትርጉምም አለው፤ ከተከለከለ ዕቃ ጋር የተያያዘ ገንዘብ ጉዳት በደረሰ ጊዜ በውል አይጠየቅም፣ በኢንሹራንስም አይካስም፤ ፊቱ የተቃጠለበት ደንበኛ የሚመጣውም ወደ ሼንዤን ሳይሆን ወደ ባለሱቁ ደጅ ነው።

ስለዚህ ቅልቅል ዕቃ በአንድ ኮንቴይነር የሚያስጭን አስመጪ፣ ጭነቱ ወደብ ሳይደርስ የዕቃውን ዝርዝር በየመስመሩ ቢያነብ ይጠቀማል። «የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ» ወይም «የስጦታ ዕቃ» የሚል ደፋና ስም ሲያገኝ፣ በካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩን በጽሑፍ ይጠይቅ። ከዱባይ በሻንጣ የሚመለስም ቢሆን፣ ለጓደኛ አድርስልኝ ተብሎ የተሰጠውን ጥቅል ሳይከፍት አይቀበል፤ ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪየሽን ድርጅት ደንብ መሠረት ይህ ዕቃ በአውሮፕላን የጭነት ክፍል በሚገባ ሻንጣ ውስጥ እንዳይቀመጥ ተከልክሏልና። በሕግ የተፈቀዱትን ምጣድ፣ የሻይ ማፍያና ምድጃ የሚያስመጡ ደግሞ፣ ከእያንዳንዱ ጭነት ጥቂቱን አውጥተው የሽቦውን ተቃውሞ በኦም መለኪያ ያስመርምሩ። ቁጥሩ በዕቃው ላይ ከተጻፈው ዋት ጋር ካልተስማማ፣ ቀሪው ገንዘብ ለሻጩ ሳይከፈል ጉዳዩን ማንሣት ይቻላል።