የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ፦ አሠራሩና አመራረጡ

ፒክአፕ በኤሌክትሪክ ጊታር ገላ ላይ ከክሮቹ ሥር ተገጥሞ የክሮቹን ንዝረት ወደ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ዕቃ ነው። ምልክቱ በገመድ ወደ አምፕሊፋየር፣ ማለትም ወደ ድምፅ ማጉያው፣ ሄዶ ከጎለበተ በኋላ በስፒከር በኩል ስለሚሰማ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፁን የሚያጎላለት ባዶ የእንጨት ሣጥን አያስፈልገውም፤ ብዙዎቹም የሚሠሩት ከድፍን እንጨት ነው። ከዚህ የተነሣ ፒክአፑ ከክሩ ንዝረት ውስጥ ያልያዘውን ነገር ከእርሱ በኋላ የሚመጣ መሣሪያ ሊመልሰው አይችልም። በገበያ ላይ ያሉት ዓይነቶች እጅግ ብዙ ስለሆኑ ምርጫው ብዙ ጊዜ በአምራቹ ስምና በዝና ላይ ይመሠረታል፤ ለምርጫው የሚበጁት ጥያቄዎች ግን ክሩ ከምን እንደተሠራ፣ የሚጫወቱበት ቤት ምን ዓይነት እንደሆነና ሙዚቃው ራሱ ምን እንደሚጠይቅ የሚመለከቱ ናቸው።

እነዚህን ጥያቄዎች ለማየት የታወቁ ባንዶች የተጫወቱበት የአዲስ አበባው ለገሃርና አካባቢው ጥሩ መነሻ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1929 ከተመረቀው የባቡር ጣቢያ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ለሚሄድ ሰው፣ ራስ ሆቴልም ሆነ በ1955 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በአጭር ርቀት ላይ ይገኛሉ። በ1970ዎቹ በራስ ሆቴል ይጫወት የነበረው አይቤክስ ባንድ፣ ሰላም ስዩምን በጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮን በቤዝ ጊታር ይዞ፣ በ1975 ድምፃዊ ማሕሙድ አሕመድን በ«ኧረ መላ መላ» አልበም ያጀበ ሲሆን፣ በ1976 ደግሞ በዚያው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበሩ ሙዚቃዎችን ቀድቷል፤ ቆይቶም ሮሃ ባንድ በሚል ስም ታውቋል። ወደ ካዛንቺስ አቅጣጫ በሚገኘው ሂልተን ሆቴልም በዚያው ዘመን እነ ኃይሉ መርጊያን የያዘው ዋልያስ ባንድ ይጫወት ነበር። እንዲህ ባለ ባንድ ውስጥ ጊታር ከኦርጋን፣ ከሳክስፎን፣ ከቤዝና ከከበሮ ጋር አንድ መድረክ ስለሚጋራ፣ የጊታሩ ድምፅ የሚመዘነው ለብቻው ሲሰማ በማማሩ ሳይሆን በሌሎቹ መካከል ሳይሸፈንና ሳይሸፍን ተለይቶ በመሰማቱ ነው።

የፒክአፕ አሠራር የተመሠረተው ማይክል ፋራዴይ በ1831 ባሳየው ሕግ ላይ ሲሆን፣ ሕጉም በሽቦ ጥቅል ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ኃይል ሲለዋወጥ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል የሚል ነው። ፒክአፑ ማግኔትና፣ በማግኔቱ ዙሪያ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመ፣ ውፍረቱ 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የመዳብ ሽቦ አለው። ማግኔቱ ከበላዩ ያለውን የብረት ክር በመጠኑ ማግኔታዊ ስለሚያደርገው፣ ክሩ ሲመታና ሲንቀጠቀጥ በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ኃይል በክሩ ንዝረት ልክ ይለዋወጣል፤ በሽቦው ጫፍ የሚገኘው ቮልቴጅም ያንኑ ንዝረት ተከትሎ ከፍና ዝቅ ይላል። ይህን ሐሳብ ለጊታር በማዋል ቀዳሚ ከሆኑት መካከል ጆርጅ ቦሻምፕና አዶልፍ ሪከንባከር የሚገኙበት ሲሆን፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ያቀረቡት የብረት ጊታር የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1937 ነው።

ከዚህ አሠራር የሚከተለው የመጀመሪያው የምርጫ ሕግ ማግኔታዊ ፒክአፕ የሚያገለግለው ብረት ላለው ክር ብቻ መሆኑ ነው፤ ይህም በተለይ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ትልቅ ትርጉም አለው። የበገና ክር ከጅማት፣ የማሲንቆ ክር ከፈረስ ጭራ፣ የክራር ክር ደግሞ እንደ ዘመኑና እንደ ሠሪው ከጅማት፣ ከናይለን ወይም ከብረት ሊሠራ ስለሚችል፣ ማግኔታዊ ፒክአፕ የብረት ክር ካለው ክራር በስተቀር ለሌሎቹ ምንም አይሰጥም። ለእነርሱ የሚስማማው ፒየዞ የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ይህም ዣክና ፒየር ኪዩሪ በ1880 ባረጋገጡት ባሕርይ፣ ማለትም አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኑ ኤሌክትሪክ በማመንጨታቸው፣ የሚሠራ ስለሆነ የክሩ ዓይነት አያግደውም፤ የሚይዘውም ክሩን ሳይሆን የተለጠፈበትን የእንጨት ወይም የቆዳ ገጽ ንዝረት ነው። ይሁን እንጂ ፒየዞ ከቅድመ ማጉያ፣ ማለትም ምልክቱን ከዋናው ማጉያ በፊት ከሚያዘጋጅ ትንሽ ሰርኪዩት፣ ጋር ካልተያያዘ ድምፁ የሳሳና የሚጮኽ ይሆናል፤ የመሣሪያውን ገላ የሚነካ ጣትና ልብስም አብሮ ይሰማል። ክራርን ከኤሌክትሪክ ጋር የማዋሐድ ጥረት ዛሬም የቀጠለ ሲሆን፣ ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ በአሜሪካ በነበረበት ጊዜ ዘመናዊ ክራር በማበጀት ሥራ ተሳትፏል፤ መቀመጫውን ለንደን ያደረገው ክራር ኮሌክቲቭም የተጠናከረ የክራር ድምፅን በሙሉ የመድረክ ባንድ ደረጃ አሰምቷል።

የብረት ክር ላለው ጊታር ከማግኔታዊ ፒክአፖች መካከል ቀላሉና ቀደምቱ ሲንግል ኮይል፣ ማለትም ባለ አንድ ጥቅል፣ የሚባለው ነው። ፌንደር ኩባንያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ባቀረበው ቴሌካስተርና በ1954 ባወጣው ስትራቶካስተር የታወቀው ይህ ዓይነት፣ ጥርት ያለ፣ የክሩ አመታት ወዲያው የሚሰማበትና እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ የሚወጣበት ድምፅ አለው። ጉድለቱ ግን የሽቦው ጥቅል የክሩን ንዝረት በሚይዝበት መንገድ በአካባቢው ያለውን የኤሌክትሪክ መሥመር መስክም መያዙ ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መሥመር በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ፣ ከመሥመሩ፣ ከትራንስፎርመርና ከመብራት የሚመጣው እምምታ፣ ማለትም ሳያቋርጥ እም የሚለው ድምፅ፣ በ50 ሄርዝና በእጥፎቹ ላይ ይሰማል፤ ሄርዝ ማለት በሴኮንድ የሚቆጠር የንዝረት ብዛት ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ሄርዝ፣ ከእርሱ የሚቀጥለው ደግሞ 110 ሄርዝ ላይ የሚቃኝ በመሆኑ፣ 100 ሄርዝ ላይ የሚገኘው እምምታ በሁለቱ መካከል ይወድቃል፤ ስለዚህም በቶን ማስተካከያ ለማጥፋት የሚሞክር ሰው ከእምምታው ጋር የጊታሩን ወፍራም ድምፅ አብሮ ይቀንሳል። የመድረክ መብራትና የመብራት ማደብዘዣ በበዛበት አዳራሽ ይህ ችግር ይብሳል።

ለዚህ ችግር በጊብሰን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሴት ላቨር በ1955 ያዘጋጀው መፍትሔ ሀምባከር የተባለው ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ ሲሆን፣ ከ1957 ጀምሮም በኩባንያው ጊታሮች ላይ ተገጥሟል። በሀምባከር ውስጥ ሁለቱ ጥቅሎች በኤሌክትሪክ አቅጣጫ ተቃራኒ ሆነው የሚያያዙ፣ የማግኔት ጫፎቻቸውም የሚቃረኑ ናቸው፤ ከውጭ የሚመጣው እምምታ ለሁለቱም በአንድ ዓይነት ስለሚደርስ እርስ በርሱ ሲጣፋ፣ ከክሩ የሚመጣው ምልክት ግን ሁለት ጊዜ የተገለበጠ በመሆኑ ይደመራል። የሚገኘው ድምፅ የጎላ፣ ክብ ያለና ለስላሳ ሲሆን፣ ሁለቱ ጥቅሎች በክሩ ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚይዙና ሽቦውም ስለሚበዛ የላይኛው ቅጥነት በመጠኑ ይቀንሳል። በድምፁ በፌንደሩ ሲንግል ኮይልና በሀምባከር መካከል የሚቀመጠው ጊብሰን ከ1946 ጀምሮ የሠራው ፒ ዘጠና ነው፤ እርሱ ባለ አንድ ጥቅል ሆኖ ከፌንደሩ ሰፊና ብዙ ዙር ያለው በመሆኑ ድምፁ ወፈር ያለ ነው፤ እምምታውን ግን አያስቀርም። የሲንግል ኮይልን ድምፅ ያለ እምምታ ለሚፈልግ ሰው፣ ሁለት ጥቅሎችን አንዱን በሌላው ላይ በመደረብ በአንድ ቀዳዳ ውስጥ የሚገቡ እምምታ አልባ ዓይነቶች አሉ።

ከዓይነቱ ቀጥሎ የሚታየው የማግኔቱ ማዕድን ነው። አልኒኮ የሚባለው፣ ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬል፣ ከኮባልትና ከብረት የሚቀላቀለው ማግኔት በቁጥር የሚለይ ሲሆን፣ አልኒኮ 2 ለስለስ ያለና ደካማ፣ አልኒኮ 5 ደግሞ ጠንካራና የነቃ ድምፅ ይሰጣል፤ ሴራሚክ ማግኔት ከሁለቱም የበለጠ ኃይል ስላለው ለተጋነነ (ዲስቶርሽን) ድምፅ ይመረጣል። አምራቾች በማሸጊያው ላይ ከሚጽፉት ቁጥር ውስጥ የሚበዛው በኪሎ ኦም የሚለካው ሪዚስታንስ፣ ማለትም ሽቦው ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ፣ ነው፤ ለቀድሞ ስልት ሲንግል ኮይል ከ5.5 እስከ 6.5፣ ለቀድሞ ስልት ሀምባከር ከ7 እስከ 9፣ ለኃይለኛ ሀምባከር ደግሞ ከ13 እስከ 16 ኪሎ ኦም አካባቢ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር የሽቦውን ርዝመትና ቅጥነት የሚያመለክት እንጂ የድምፅ መጠን መለኪያ ባለመሆኑ፣ ሁለት የተለያየ ማግኔት ወይም ሽቦ ያላቸውን ፒክአፖች በእርሱ ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል፤ የሚጠቅመው አንድ ዓይነት አሠራር ያላቸውን ለማወዳደር ነው። ሽቦው በበዛ ቁጥር ድምፁ ይጎላል፣ የላይኛው ድምፅም ይቀንሳል።

ፒክአፑ የሚቀመጥበት ቦታም ራሱን የቻለ ምርጫ ነው። ክሩ በብሪጅ፣ ማለትም ክሩ በሚያርፍበት ማረፊያ፣ አጠገብ ብዙ ስለማይንቀሳቀስ፣ እዚያ የተገጠመ ፒክአፕ ቀጭንና ስለታም ድምፅ ይይዛል፤ አንገቱ ላይ የተገጠመው ደግሞ ሰፊውን የክር እንቅስቃሴ ስለሚይዝ ክብና ወፍራም ድምፅ ያወጣል። ለብሪጅ የሚሠሩት ፒክአፖች ከአንገቱ ይልቅ ብዙ ዙር የሚሰጣቸው ይህን ልዩነት ለማመጣጠን በመሆኑ፣ ሁለቱን ማቀያየር አይመከርም። በተጨማሪም ብሪጅ ላይ ክሮቹ ይበልጥ ስለሚራራቁ፣ የአንዳንድ ጊታሮች የብሪጅ ሀምባከር የክር ርቀት ወደ 52 ወይም 53 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የሌሎቹ ወደ 49 ነው፤ ከመግዛት በፊት ይህ ርቀት በማስመሪያ መለካት አለበት።

የኢትዮጵያን ዜማ በጊታር ለሚጫወት ሰው እነዚህ ልዩነቶች ከቅኝቱ ጋር ይገናኛሉ። የሙሉ ትዝታ ቅኝት አምስቱ ኖታዎች ግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ሁለት ኖታዎች የሉትም፤ በአንቺሆዬ ግን ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ኖታዎች አሉ። ኃይለኛ ፒክአፕ አምፕሊፋየሩን ወደ ተጋነነ ድምፅ ሲገፋው በአንድነት የሚመቱ ኖታዎች እርስ በርሳቸው ሌሎች ድምፆችን ስለሚፈጥሩ፣ ተቀራራቢ ኖታዎች ሲደራረቡ ድምፁ ይደፈርሳል። ስለዚህ እንደ አንቺሆዬ ባሉ ቅኝቶች ኖታዎችን እየደራረበ የሚጫወት ሰው መካከለኛ ኃይል ያለው ፒክአፕ ይሻለዋል፤ ዜማውን በነጠላ ኖታ ለሚያወጣ ግን ኃይለኛው ያን ያህል አይጎዳውም። በችክችካ ምት አጃቢነት የጊታሩ ሥራ አጭርና ፈጣን አመታት በመሆኑ፣ የአመታቱ መነሻ በግልጽ የሚሰማበት ሲንግል ኮይል ወይም ዝቅተኛ ኃይል ያለው ሀምባከር ከኦርጋኑ ጋር ሳይጋጭ ቦታውን ይይዛል። በአንፃሩ የዘገምተኛ ትዝታን ዜማ ጎትቶ ለሚጫወት፣ አንገቱ ላይ ያለ ሀምባከር ወይም ፒ ዘጠና የተሻለ ሙላት ይሰጣል።

ከማግኔታዊ ዓይነቶች ውስጥ አክቲቭ የሚባሉት በጊታሩ ውስጥ 9 ቮልት ባትሪ የሚጠቀሙ ሲሆኑ፣ እምምታቸው ትንሽ፣ ድምፃቸውም ረጅም ገመድ ቢኖር የማይቀየር ነው፤ ባትሪው ሲያልቅ ግን ድምፁ ይጠፋል። ባትሪ የሌላቸው ፓሲቭ ዓይነቶች ከገመዱና ከመቆጣጠሪያዎቹ ጋር አብረው ስለሚሠሩ፣ ለሲንግል ኮይል 250፣ ለሀምባከር 500 ኪሎ ኦም የቮሊዩም መቆጣጠሪያ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ የላይኛው ድምፅ ይቀንሳል። ገመዱም ሲረዝም የድምፁ ብሩህነት እየደበዘዘ ስለሚሄድ፣ ድምፁ ደነዘዘብኝ የሚል ሰው ፒክአፑን ከመወንጀሉ በፊት ገመዱን በአጭር ለውጦ ሊሞክር ይገባል።

በአዲስ አበባ ሁኔታ አዲስ ፒክአፕ መግዛት ወጪው ከፍ ያለ፣ መመለሱም ቀላል ያልሆነ በመሆኑ፣ ከግዢ በፊት የነበረውን መፈተሽ ይጠቅማል። በመጀመሪያ ክሮቹን በአዲስ መለወጥ፤ ቀጥሎ ክሩ በመጨረሻው ፍሬት፣ ማለትም በአንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት ዘንጎች በመጨረሻው፣ ላይ ተይዞ ፒክአፑ ከክሩ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲርቅ ብሎኑን እያዞሩ ማስተካከል ያስፈልጋል። ጠንካራ ማግኔት ከክሩ በጣም ከተጠጋ ክሩን ስቦ ኖታው እንዲወዛወዝ ስለሚያደርግ፣ የቅኝት ጥራት ለሚፈለግበት ዜማ ይህ ማስተካከያ ብቻውን ብዙ ይለውጣል። ከዚያም በጊታሩ ውስጥ ያለውን ክፍተት በመዳብ ወረቀት ሸፍኖ ከመሬት ሽቦው ጋር ማያያዝ እምምታውን በጉልህ ሊቀንስ ይችላል፤ ይህን ማንኛውም የብየዳ ልምድ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ሊሠራው ይችላል። አዲስ ፒክአፕ ሲገጠም ደግሞ በአምራቹ የሽቦ ቀለም ሥዕል መሠረት ካልተያያዘና ሁለቱ ፒክአፖች በተቃራኒ አቅጣጫ ከገቡ፣ አንድ ላይ ሲከፈቱ ድምፁ ሳስቶ ይወጣል፤ ይህ ግን የአገጣጠም እንጂ የፒክአፑ ጉድለት አይደለም።

እነዚህ ሁሉ ተሞክረው ድምፁ አሁንም ከባንዱ ጋር ካልተስማማ፣ ምርጫው ራሱን እየወሰነ ይመጣል፦ ክሩ ብረት ካልሆነ ፒየዞ፣ ቤቱ እምምታ ከበዛበት ሀምባከር ወይም እምምታ አልባ ሲንግል ኮይል፣ ሙዚቃው ጥራትን ከጠየቀ ዝቅተኛ ኃይል፣ የተጋነነ ድምፅን ከጠየቀ ከፍተኛ ኃይል ይሆናል። የአምራቹ ስም የሚጠየቀው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ ፍተሻውም ለብቻ ተቀምጦ ሳይሆን ከኦርጋን፣ ከቤዝና ከድምፃዊ ጋር በልምምድ መካከል ቢደረግ ይሻላል፤ ለብቻው ሲሰማ ቀጭን የሚመስለው ፒክአፕ ከባንዱ ጋር ሲሆን ጥርት ብሎ ሊወጣ፣ ብቻውን ሲሰማ የሚያስደስተው ወፍራሙ ደግሞ በቤዙና በኦርጋኑ ተውጦ ሊቀር ይችላልና።