ብጣሽ ወረቀት

ግሬንፌል ሕንፃ በነደደበት ሌሊት አንድ መረጃ ከደዋዩ አፍ ወጥቶ እሳት አጥፊው ጆሮ እስኪደርስ የተጓዘው እንዲህ ነበር። ላይኛው ፎቅ ላይ ጭስ የከበበው ሰው ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ፣ ወደ 999 ይደውላል። ጥሪ ተቀባይዋ የቤት ቁጥሩን፣ አብረውት ያሉትን ሰዎች ብዛት፣ ጭሱ ክፍሉ ገብቶ እንደሆነ ትጠይቃለች። መልሱ በሬዲዮ ወይም በስልክ ሕንፃው አጠገብ ወደ ቆመው የማዘዣ መኪና ይላካል። እዚያ ያለ ሰው ብጣሽ ወረቀት ላይ ይጽፈዋል። ሌላው ወረቀቱን ጨብጦ፣ የሚነድ ፍርስራሽ ከላይ የሚዘንብበትን ግቢ በሩጫ አቋርጦ፣ ሕንፃው ውስጥ ላሉት አዛዦች ያደርሳል። እነሱም የፎቁንና የቤቱን ቁጥር ግድግዳ ላይ ይሞነጭሩታል። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 2017 ነው፤ ከተማዋም ለንደን። (ከዚህ በኋላም ዓመቶቹ በአውሮፓውያን፣ ሰዓቶቹ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ጁን 14 ቀን፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ላይ የመጀመሪያው ጥሪ ሲደወል እሳቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ካለ አንድ ማእድ ቤት አልወጣም ነበር። ማቀዝቀዣ ነው የተቀጣጠለው። ሕንፃው 24 ፎቅ ነው። በመጨረሻ 72 ሰዎች ሞቱ። ኖርዝ ኬንዚንግተን የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ለዓመታት የኖሩበት ሰፈር ስለሆነ ከሟቾቹ መካከል የእኛው ሰዎችም አሉ። የሰፈሩ ሰው በየወሩ በ14ኛው ቀን አረንጓዴ ለብሶ በዝምታ መንገድ ሲወጣ የኖረውም ሟቾቹን ለማሰብ ነው።

እሳቱን ስላዛመተው የሕንፃው የውጭ ሽፋን ብዙ ተጽፏል፤ ያ የራሱ ጉድ ነው። እኔ የማነሣው ብዙም ያልተወራለትን፣ የወረቀቱን ጉዳይ ነው። በዳኛ ማርቲን ሙር ቢክ የተመራው አጣሪ በ2019 ኦክቶበር ያወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት ሦስት ሰዓቶችን አስፍሯል። ፖሊስ ሁኔታውን «ከባድ አደጋ» ብሎ ያወጀው 7 ሰዓት ከ26 ላይ ነው። እሳት አደጋ 8 ሰዓት ከ6 ላይ፣ አምቡላንስ ደግሞ 8 ሰዓት ከ26 ላይ። ያው እሳት፣ ያው ሕንፃ፣ ያው ግቢ። አንዱ ሲያውጅ ለሌሎቹ ወዲያው አልነገረም። በመጀመሪያውና በመጨረሻው አዋጅ መካከል ድፍን አንድ ሰዓት አለ፤ ይህን ለማሳጠር የሚያስፈልገው አንድ የስልክ ጥሪ ነበር።

የጥሪ ማዕከሉ ሠራተኞች ያን ሌሊት የሚሠሩት በከተማዋ ምሥራቅ፣ ስትራትፎርድ ከሚገኘው ተጠባባቂ ክፍል ነበር። ሕንፃው ያለው በምዕራብ ነው። ፖሊስ ሄሊኮፕተር አስነሥቶ እሳቱን ከላይ እየቀረጸ ቢሆንም ምስሉ ለእሳት አደጋው የማዘዣ መኪና አልደረሰም። ስለዚህ መንገድ ዳር ቆሞ በስልኩ የሚቀርጽ ጎረቤት የሚያየውን፣ ለታሰሩት ሰዎች ምክር የምትሰጠው ሴት አታይም። የምታውቀው መመሪያውን ነው፤ መመሪያው ደግሞ «ባላችሁበት ቆዩ» ይላል። ይህ ምክር የተነሣው 8 ሰዓት ከ47 ላይ ነው። አጣሪው ውሳኔው በ7 ሰዓት ተኩልና በ7 ሰዓት ከ50 መካከል መሰጠት ነበረበት ብሏል። ጥሪው ሲበዛና መስመር ሲጠብ ትርፉ ወደ ሌሎች አውራጃዎች የእሳት አደጋ ማዕከላት ይዞር ነበር፤ እነዚያ ደግሞ ከለንደኖቹም ያነሰ ነው የሚያውቁት። አንዲት ጥሪ ተቀባይ ከአንዲት ልጅ ጋር አንድ ሰዓት ገደማ መስመር ላይ ቆይታለች። ይህን ሳነብ ሪፖርቱን ዘግቼ ተነሥቼ ነበር።

እንግሊዞች የመረጃ ቅብብሉ ችግር ድንገት አልደረሰባቸውም። ለሠላሳ ዓመት ሲያወሩት፣ ሲያጠኑት፣ ገንዘብ ሲያፈሱበት የኖሩት ጉዳይ ነው።

በ1987 የኪንግስ ክሮስ የምድር ባቡር ጣቢያ ተቃጥሎ 31 ሰዎች ሲሞቱ፣ አጣሪው ከመሬት በታች የሚሠራ ሬዲዮ ያስፈልጋል ብሎ ነበር። በ2005 ጁላይ 7 ሦስት ባቡሮችና አንድ አውቶቡስ በቦምብ ተመትተው 52 ሰዎች ሲያልቁ፣ የአብዛኞቹ ነፍስ አድን ሠራተኞች ሬዲዮ ዋሻው ውስጥ አሁንም አይሠራም። መልእክት የሚያደርሰው በደረጃ ወጥቶ የሚወርድ ሰው ነበር። ከ18 ዓመት በኋላም ሯጭ!

ወረቀትን ለማስቀረት የተሞከረበት ታሪክ ደግሞ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። የለንደን አምቡላንስ ጥሪ ተቀባዮች ድሮ የሰሙትን ቅጽ ላይ ጽፈው በሚንቀሳቀስ ቀበቶ ላይ ያስቀምጡታል፤ ቀበቶው ወስዶ ለስምሪት ክፍሉ ይጥለዋል። በ1992 ኦክቶበር 26 ይህ ሁሉ ቀርቶ ኮምፒውተር አምቡላንሱን ይመርጣል ተባለ። ኮምፒውተሩ መኪኖቹ የት እንዳሉ ማወቅ አቃተው፤ ለአንድ በሽተኛ ሁለት መኪና ሲልክ ሌላውን ይረሳል፤ ሰዎች ደግመው ይደውላሉ፤ ድጋሚው ጥሪ ወረፋውን ያስረዝመዋል። በማግስቱ ግማሹ ሥራ ወደ እጅ ተመለሰ። በኖቬምበር 4 ደግሞ ፕሮግራመሩ ረስቶት የቀረ ቁራጭ ኮድ የማዕከሉን ኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ቀስ በቀስ ሞልቶ ከነአካቴው ዘጋው። ሠራተኞቹ ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ዛሬም ብዙ የሶፍትዌር ተማሪ የሚማረው ታሪክ ነው።

በ2004 ደግሞ መንግሥት በእንግሊዝ ያሉትን 46 የእሳት አደጋ ጥሪ ማዕከላት በዘጠኝ ዘመናዊ ማዕከላት ልተካ ብሎ ተነሣ። የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቶቹ ከልብ አልተቀበሉትም፤ ማንም ከልቡ አላማከራቸውም ነበርና። በ2010 ዲሴምበር ሲሰረዝ ቢያንስ 469 ሚሊዮን ፓውንድ ባክኗል። ሰው ያልገባባቸው ሕንፃዎች ቀሩ፤ ኪራያቸው እየተከፈለ።

ከሁሉ የረዘመው ግን የሬዲዮው ነው። ፖሊሱም አምቡላንሱም እሳት አደጋውም የሚነጋገሩበት ኤርዌቭ የተባለ መረብ አለ። ድምፅ ጥርት አድርጎ ያመላልሳል፤ የቪዲዮ ወይም የካርታ ነገር ግን አይሆንለትም። ስለዚህ በ2015 ሁሉንም ወደ ተራው የሞባይል ኔትወርክ ለማዛወር ውል ተፈረመ፤ ኤርዌቭም በ2019 መጨረሻ ይዘጋል ተባለ። የእሳት አጥፊው እጅ ላይ ያለው መሣሪያ እንደ ስማርት ስልክ የሕንፃውን ንድፍ፣ የሄሊኮፕተሩን ምስል፣ የበሽተኛውን ሁኔታ ሊያሳይ ነው። ቀነ ገደቡ ወደ 2022፣ ከዚያ ወደ 2026፣ ከዚያ ወደ 2029 ተገፋ። በ2019 የመንግሥት ኦዲተሩ ጠቅላላ ወጪው 9.3 ቢሊዮን ፓውንድ ይደርሳል፣ ከመነሻው ግምትም በ3.1 ቢሊዮን ይበልጣል አለ። ችግሩ ቴክኖሎጂ ብቻ አልነበረም። ሞቶሮላ የአዲሱን ሥርዓት ዋና ክፍል የመሥራት ውል ይዞ ሳለ በ2016 ኤርዌቭን ገዛ፤ አዲሱ በዘገየ ቁጥር አሮጌው ይከፈልበታል። የውድድር ባለሥልጣኑ በ2023 ዋጋው ከልክ በላይ ነው ብሎ ጣሪያ አበጀለት። ኩባንያው ተከራከረ፣ በይግባኝ ችሎቱም ተረታ። ከአዲሱ ሥራም ወጣ፤ ቦታውን አይቢኤም ተረከበ። ከ300,000 በላይ ሠራተኞች ዛሬም በአሮጌው ሬዲዮ ነው የሚነጋገሩት።

እዚህ ላይ «መሣሪያው ቶሎ ቢመጣ ኖሮ» ማለት ይቀናል። ማንቸስተር ግን አይፈቅድም።

ከግሬንፌል ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሜይ 22 ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ31 ላይ፣ ማንቸስተር አሬና የሙዚቃ ዝግጅት ሲያበቃ ቦምብ ፈንድቶ 22 ሰዎች ተገደሉ። ግማሽ ማይል ገደማ ርቆ የእሳት አደጋ ጣቢያ አለ፤ ፍንዳታውን ጣቢያው ውስጥ ሆነው ሰምተውታል። ግን ወደ ቦታው አልሄዱም፤ ሦስት ማይል ርቆ ወዳለ ሌላ ጣቢያ ተሰብሰቡ ተባሉ። አዛዦቻቸው ታጣቂ ይኖራል ብለው ፈሩ፤ እውነቱን የሚያውቀው ደግሞ የፖሊሱ ተረኛ መኮንን ነው፤ የእሱ ስልክ አይነሣም። ምክንያቱም ያን ሌሊት አገር ሁሉ የሚደውለው ለዚያ አንድ ሰው ነበር። የሦስቱ መሥሪያ ቤቶች የጥሪ ማዕከላት በአንድ የሬዲዮ መስመር እንዲገናኙ ማድረግ ይቻል ነበር። ሬዲዮው አለ፣ ይሠራል፣ ሁሉም እጅ ላይ ነው። መስመሩን የከፈተ ግን አልነበረም። እሳት አደጋው የደረሰው ከሁለት ሰዓት ከስድስት ደቂቃ በኋላ ነው። ቁስለኞቹ የወደቁበት አዳራሽ የገቡት የአምቡላንስ ባለሙያዎች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ሰዎቹን በማስታወቂያ ሰሌዳና በአጥር ብረት ተሸክመው ያወጡት በአብዛኛው ፖሊሶችና አላፊ አግዳሚዎች ናቸው።

ስለዚህ በእኔ ግምት ከቢሊዮኖቹ ፓውንድ ይልቅ ሁለት ርካሽ ነገሮች የተሻለ ሠርተዋል። አንደኛው ቋንቋ ነው። ሦስቱም አገልግሎቶች ቦታው ላይ ሲደርሱ ለማዕከላቸው በአንድ ቅደም ተከተል ሰባት ነገር እንዲናገሩ ተስማምተዋል፦ ከባድ አደጋ ታውጇል ወይ፣ ትክክለኛ ቦታው፣ ዓይነቱ፣ ስጋቱ፣ መግቢያ መውጫው፣ የተጎጂው ብዛት፣ ማን ደርሶ ማን እንደጎደለ። ሁለተኛው የለንደን እሳት አደጋ ከግሬንፌል በኋላ ያስገባው አፕሊኬሽን ነው። ጥሪ ተቀባይዋ የቤት ቁጥሩን ስትጽፍ ማዘዣ መኪናው ውስጥም፣ ሕንፃው ውስጥ ባለው ታብሌት ላይም በዚያው ቅጽበት ይታያል። ብጣሿ ወረቀት የምትሮጥበትን መንገድ ብቻ ነው የተካው፤ ሌላ ምንም ልሥራ አላለም።

ከሰባቱ ጥያቄዎች እኛን የምታመን «ትክክለኛ ቦታው» የምትለዋ ናት። አዲስ አበባ ለእሳት 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991 ይደወላል። እንግሊዝ ውስጥ ስልኩ ራሱ ደዋዩ የት እንዳለ ለማዕከሉ ይልካል። እኛ ጋ ቦታው የሚነገረው በአፍ ነው። ጥቂት ዓመት ሆነው፣ ሰፈራችን ውስጥ የአንዲት እትዬ ማጀት ሲሊንደር አፈትልኮ ተያያዘ። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

«ቦታው የት ነው?»

«ከወፍጮ ቤቱ ገባ ብሎ፣ ኮብልስቶኑን ይዘው ሲወርዱ።»

«የትኛው ወፍጮ ቤት?»

ሰፈሩ ውስጥ ሁለት ወፍጮ ቤት እንዳለ ያን ቀን ነው ያሰብኩት። ሰውየው ትሑት ነበር፤ ደጋግሞ ጠየቀ፣ ደጋግሜ አስረዳሁ፣ ከኋላዬ የሚጮኸው ሰው ሁሉ የየራሱን ምልክት ይጨምራል፦ ፋርማሲው፣ የድሮው ቀበሌ፣ ሰማያዊው በር። በመጨረሻ «አስፋልቱ ላይ ሰው አቁሙልን» አለኝ። አንድ አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ የእናቱን ነጠላ ቀምቶ እያውለበለበ ሽቅብ በረረ። እኛ በአሸዋና ባራሰነው ጋቢ ከእሳቱ ጋር ስንታገል የሳይረን ድምፅ ከላይ በኩል ተሰማ። ቀይዋ መኪና ጠባቧን ቁልቁለት ቀስ እያለች ስትወርድ፣ ልጁ ከፊት ከፊቷ እየሮጠ፣ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «የቱ ጋ ነው አንተ? የቱ በር?» ይለው ነበር።