ከክሩስኮቱ ጀርባ ምን ይጮኻል?

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በአሮጌ የጭነት መኪና ጋቢና ስትሄዱ፣ ከክሩስኮቱ ጀርባ «ጭርጭር» የሚል ድምፅ ትሰሙ ይሆናል። ክሩስኮት ማለት ከመሪው ፊት መቁጠሪያዎቹ ያሉበት ሰሌዳ ነው። መኪናው ሲፈጥን ድምፁም ይፈጥናል? ሲቆም ዝም ይላል? እንግዲያው የፍጥነት መቁጠሪያው ገመድ ደርቋል። ገመዱ ከካምቢዮ ተነስቶ በሽፋኑ ውስጥ እየተሽከረከረ ይመጣል፤ ቅባት ሲያጣ ይንጫጫል፣ ጠቋሚውም ይዘላል። አጽድቶ ግሪስ መቀባት ነው። ሰው አይገድልም።

ገና ሐይቅ ቆሞ ሳለ «እስስስ» ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። የትልልቅ መኪና ፍሬን በአየር ይሠራል፤ በብዙ አሮጌ መኪና የአየሩ ቱቦ እስከ ክሩስኮቱ ይደርሳል። ፍሬን ተረግጦ ሲለቀቅ አንዴ እስ ቢል ደግ ነው። ሳይነካ ከቀጠለ አየር እየፈሰሰ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን ያጥፋና የአየር መለኪያውን ይመልከት። ጠቋሚው ቶሎ ከወረደ «ውጫሌ ደርሰን እናሠራዋለን» አይባልም። ከፊት የአምባሰል ቁልቁለት አለ። መኪናው እዚያው ሐይቅ ይደር።