185 ዓመት የፈጀ የሳይክል መንገድ

ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስቶ ፔንስልቬንያ ውስጥ እስካለችው ፒትስበርግ ድረስ በሳይክል መሄድ ይቻላል፤ ያውም ከመኪና ጋር ሳይጋፉ። አልፎ አልፎ አስፋልት ከማቋረጥና ከተማ ውስጥ ካሉ አጫጭር ቦታዎች በቀር መንገዱ የእግረኛና የሳይክል ብቻ ነው። ወለሉ ጠጠርና የተደለደለ አፈር፣ ግራ ቀኙ ጫካ፣ ጎኑ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ወንዝ ነው። ርዝመቱ 538 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ ሐረር ከሚያደርሰው መንገድ ጥቂት ይበልጣል። ለጠጠር መንገድ የሚሆን (ግራቭል) ሳይክል ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.2 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ ከጫፍ ጫፍ ለመድረስ ወደ 245 ሺህ ጊዜ መዞር አለበት።

ረጅም መንገድ ግን በዓለም ላይ ሞልቷል። እዚህ የሚያስገርመው ዳገቱ ነው። ከዋሽንግተኑ ጆርጅታውን እስከ ሜሪላንዷ ኩምበርላንድ ያለው የመጀመሪያው ክፍል 297 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚህ ሁሉ ርቀት ከፍታው የሚጨምረው 184 ሜትር ብቻ ነው። ሲካፈል በኪሎ ሜትር 62 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። እግር አያውቀውም። ያውም በመሀል ብሉ ሪጅ የሚባለው ሰንሰለታማ ተራራ አለ፤ ፖቶማክ ወንዝ ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ሰንጥቆት ሲያልፍ መንገዱም ተከትሎት ያልፋል።

ለዚህ ሁሉ ምቾት የምናመሰግነው በቅሎን ነው። መንገዱ ሲሠራ ፔዳል ያለው ሳይክል ገና አልተፈለሰፈም። የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ የሚባል ሰው ሠራሽ የውሃ መንገድ ነበር፤ ዛሬ ሳይክል የሚነዳበት በቦዩ ዳር በቅሎዎች ጀልባ እየጎተቱ የሚሄዱበት ጥርጊያ ነው። ጀልባው 28 ሜትር ይረዝማል፤ 120 ቶን ያህል የድንጋይ ከሰል ይጫንበታል። ይህን የሚጎትቱት ሁለት ወይም ሦስት በቅሎዎች ነበሩ። ተራቸው እስኪደርስ ድረስ ሌሎቹ እዚያው ጀልባው ላይ፣ ከፊት በኩል በተሠራች ጋጣ ውስጥ ያርፋሉ፤ ፈረቃው ስድስት ሰዓት ነው። እኛ አገር በቅሎ ተጭና ዳገት ስትወጣ ነው የምናውቃት። እዚህ ግን በቅሎ 120 ቶን መሳብ የምትችለው ውሃው ከተኛ ብቻ ነውና ቦዩ ሜዳ ላይ መሄድ ነበረበት፤ የማይቀረውን ከፍታ ሁሉ ሰብስበው 74 ቦታ ላይ አከፋፈሉት።

እነዚህ 74 ቦታዎች ሎክ ይባላሉ። ሎክ በጥርብ ድንጋይ የተሠራ፣ ፊትና ኋላው በር ያለው ጠባብ ገንዳ ነው። ጀልባው ይገባል፣ የኋላው በር ይዘጋል፣ ከላይ ውሃ ይለቀቅበታል፤ ጀልባው በአማካይ 2.5 ሜትር ከፍ ብሎ በፊቱ በር ይወጣል። የገንዳው ስፋት 4.57 ሜትር፣ የጀልባው 4.42 ነው። በየጎኑ የሚተርፈው ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ 120 ቶን የጫነ ነገር፣ ፍሬን የሌለው፣ በገመድ የሚሳብ፣ በሌሊትም ጭምር። የዛሬው ሳይክለኛ ሎክ አጠገብ ሲደርስ ትንሽ ጉብታ ያጋጥመዋል፤ ከዋሽንግተን እስከ ኩምበርላንድ ካለው ዳገት አብዛኛው ያቺው ጉብታ ናት።

ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1828 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ የመጀመሪያውን አፈር ሊዝቁ ቢሉ አካፋው የዛፍ ሥር መታና አልገባ አለ። ደጋግመው ሞከሩ፤ አልሆነም። ኮታቸውን አውልቀው እንደገና ገጠሙት፤ ሕዝቡም አጨበጨበላቸው። በዚያው ዕለት፣ ባልቲሞር ውስጥ ሌላ ሕዝብ ተሰብስቦ የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር የመጀመሪያው ድንጋይ ሲቀመጥ ያይ ነበር። ሁለቱም የሚሮጡት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ ኦሃዮ ወንዝ። ቦዩ ፒትስበርግ ሊደርስ ታቅዶ ነበር። ባቡሩ ኩምበርላንድ በ1842 ገባ፤ ቦዩ በ1850። ስምንት ዓመት የተቀደመ፣ 11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የበላ ሥራ ከዚያ ወዲያ አንድ ሜትር አልሄደም።

ለመዘግየቱ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው አንድ ዋሻ ነው። ኩምበርላንድ ሊደረስ ሲቃረብ ፖቶማክ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ መሐንዲሶቹ ይህን አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ ለማምለጥ ሲሉ ተራራውን ሊበሱት ወሰኑ። ፓው ፓው ይባላል። ርዝመቱ 950 ሜትር ነው። ሁለት ዓመት ይፈጃል የተባለው ሥራ በ1836 ተጀምሮ በ1850 አለቀ። ደመወዝ ያልተከፈላቸው ሠራተኞች ረበሹ፣ ገንዘብ አለቀ፣ ሥራው ለዓመታት ቆመ። የቆመበትንም ጨምረን 14ቱን ዓመት በቀን ብናካፍለው በቀን 19 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ውስጡ የተለበጠው ከስድስት ሚሊዮን በሚበልጥ ጡብ ስለሆነ፣ ለአንድ ሜትር ከ6,300 ጡብ በላይ ይደርሳል። ዛሬ እዚያ ውስጥ ከሳይክል ወርዶ መግፋት ነው፤ ጨለማ ነው፣ መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ ባትሪ የግድ ነው። ባትሪውን ወደ እንጨቱ አጥር ጠጋ ያደረገ ሰው እንጨቱ ላይ የተቦረቦረ ነገር ያያል፤ የጎታቾቹ ገመድ ሲያልፍ ሲያልፍ የበላው ነው።

በዚህ ዋሻ ሁለት ጀልባ መተላለፍ አይችልም። ሁለት ጀልበኞች መሀል ላይ ፊት ለፊት ተገናኝተው፣ «አንተ ተመለስ»፣ «አንተ ተመለስ» ተባብለው ለቀናት ተፋጠው ቀሩ፤ በመጨረሻ የቦዩ ሹም እርጥብ የበቆሎ አገዳ አንድዶ በጭስ አስወጣቸው ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን፣ ነገሩ አያስደንቀኝም፤ አዲስ አበባ ጠባብ ሰፈር ውስጥ መኪና የነዳ ሰው ያምነዋል።

በ1924 ጎርፍ ቦዩን አፈራረሰው፤ ጀልባም ከዚያ ወዲህ አልሠራበትም። በ1938 የፌዴራሉ መንግሥት በ2 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ሻጩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ከቦዩ ጋር በአንድ ዕለት ሥራውን የጀመረው፣ ቦዩን በመጨረሻ እጁ ያስገባው የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር ድርጅት ነው።

ከዚያ በኋላ አስፋልት ሊሆን ነበር። ቦዩ ባለፈበት ላይ የመኪና መንገድ እንዲሠራ ሐሳብ ቀረበና ዋሽንግተን ፖስት በ1954 መጀመሪያ በርዕሰ አንቀጹ ደገፈው። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ዊሊያም ዳግላስ ለጋዜጣው ደብዳቤ ጽፈው፣ የርዕሰ አንቀጹ ጸሐፊ አብሯቸው ሙሉውን በእግሩ እንዲጓዝ ጋበዙ። በማርች ወር ጉዞው ከኩምበርላንድ ተጀመረ፤ ከፊሉን ብቻ የሄዱትን ጨምሮ 58 ሰው ተካፈለበት። በስምንት ቀን፣ በአማካይ በቀን 37 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ዋሽንግተን ሲገቡ መንገዱን ሙሉ በሙሉ በእግራቸው የጨረሱት ዳኛውን ጨምሮ ዘጠኝ ነበሩ። ጋዜጣው አቋሙን ለወጠ፤ ቦታው በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። በእኔ ሚዛን ከዚህ መንገድ ቁጥሮች ሁሉ ከባዱ ይህ ዘጠኝ ነው።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖረው ሐበሻ ይህን መንገድ ሳያውቀው በየቀኑ በላዩ ያልፋል። ከጆርጅታውን 15 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ዋሽንግተንን የሚዞረው ቤልትዌይ የተባለው አውራ ጎዳና በድልድይ ፖቶማክን ሲሻገር፣ ከሥሩ 13ኛው ሎክ አለ። ከላይ ሰው ከሥራ ሲመለስ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ መሪውን ይደበድባል፤ ከታች ኤሊዎች ግንድ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከዚያ ጥቂት ከፍ ሲል ታላቁ ፏፏቴ ይመጣል፤ ራቅ ሲሉ ደግሞ ቦዩ ቢግ ፑል ላይ ሰፍቶ ሐይቅ ይሆናል። ማደሪያም አያሳስብም፤ እስከ ኩምበርላንድ ድረስ ለእግረኛና ለሳይክለኛ ብቻ የተዘጋጁ ወደ 30 የሚሆኑ የድንኳን ቦታዎች አሉ፤ ክፍያ የለባቸውም።

ከኩምበርላንድ ወዲያ ያለው 241 ኪሎ ሜትር ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ይባላል። እዚህ የበቅሎው ተራ ያበቃና የባቡሩ ይጀምራል። ዌስተርን ሜሪላንድ የተባለ ድርጅት ከ1910 እስከ 1912 ተራራውን አቋርጦ ሐዲድ ዘረጋ፤ 582 ሜትር የሚረዝም፣ 30 ሜትር ከፍታ ያለው ድልድይ፣ 1,004 ሜትር የሆነ ቢግ ሳቬጅ የሚባል ዋሻ። ፓው ፓው 14 ዓመት ፈጅቶ 950 ሜትር፣ ይህ ደግሞ መስመሩ በጠቅላላው በሁለት ዓመት ገደማ ሲያልቅ 1,004 ሜትር፤ በመካከላቸው 60 ዓመትና የማሽን ጉልበት አለ። ያም ቢሆን አላዛለቀም። በ1975 መስመሩ ተተወ። ሐዲዱ ተነቅሎ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ለበሰ፤ በ1986 ኦሃዮፓይል አጠገብ 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ተከፈተ፤ የመጨረሻዋ ቁራጭ ፒትስበርግ ስትገባ 2013 ሆነ። አዳምስ አካፋ ካነሱ 185 ዓመት። ቦዩ ሊደርስበት ያልቻለው ከተማ በሳይክል ተደረሰ። በ1828 የተጀመረውን ውድድር ያሸነፈው የባቡር መስመር ዛሬም ከወንዙ ማዶ ጭነት ያመላልሳል፤ ሌሊት ድንኳን ውስጥ ያለ ሰው ፊሽካውን ይሰማል።

ልሂድ ለሚል ሰው፣ ከፒትስበርግ ቢነሳ ይሻለዋል እላለሁ። ከዚያ በኩል እስከ ተራራው አናት 203 ኪሎ ሜትር አለ፤ የሚወጣው 510 ሜትር ያህል ብቻ ነው። አናቱ 729 ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ የዘነበ ዝናብ በአንድ በኩል በኦሃዮና በሚሲሲፒ አድርጎ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይገባል፣ በሌላው በፖቶማክ ወደ አትላንቲክ። ከዚያ ወዲህ 38 ኪሎ ሜትር ሙሉ ቁልቁለት ነው፤ ከኩምበርላንድ የተነሳ ሰው ይህንኑ እያለከለከ ይወጣዋል። ወሩን ግን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ቢግ ሳቬጅ በረዶ እንዳያበላሸው ሲባል ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል መግቢያ ድረስ በሮቹ ይዘጋሉ።